«ቶሎ የሚያድግ አለ?» ለአዳማ ግቢ የማይሆን ጥያቄ

ሰኔ ሲገባ በአዳማ መንገድ ዳር ያሉ ችግኝ መሸጫዎች ገበያቸው ይደራል። ገዢው ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ይዳስስና ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ቶሎ የሚያድግ አለ?» ሻጩ አያጣም። ግራቪሊያ ያነሳለታል፤ አበባ ለሚወድ ደግሞ የድሬዳዋ ዛፍ። ሁለቱም በጥቂት ዓመት አጥር አልፈው ይታያሉና ሻጩ አልዋሸም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። በየክረምቱ «ስንት ተከልን?» እያልን ቁጥር ብቻ መቁጠራችንም አልረዳንም።

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። አጠገቧ ባሉት ኮረብቶች ላይ አዳማ 1 እና አዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት። መሐንዲሶቹ ቦታውን የመረጡት ለእይታው ብለው አይደለም። ያው ነፋስ በበጋው ወራት ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ አቧራውን እያነሳ በየግቢያችን ያልፋል። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ደግሞ በአብዛኛው እንጨቱ ልል ነው፤ ወደ ላይ ሲሮጥ ግንዱን ለማጠንከር ጊዜ አላገኘም። ግራቪሊያ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይደርሳል፣ ቅርንጫፉም ነፋስ ቶሎ ከሚገነጥላቸው ነው። ለእርሻ ድንበር ጥሩ ዛፍ ነው። ስድስት ሜትር ስፋት ባለው ግቢ ግን ቆርቆሮ ወይም የመብራት ገመድ ላይ የሚወድቅበትን ቀን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ እስከዚያው ቅጠሉ አሸንዳ ሲደፍን ይከርማል።

መቅደም ያለበት ጥያቄ «ሲያድግ ስንት ሜትር ይሰፋል?» የሚለው ነው። መልሱ የሚጠቅመው ግን ግቢውን ለለካ ሰው ነው፤ ሜትር ይዞ መዞር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ሴፕቲክ ታንኩን፣ የውሃ ቧንቧውን መስመርና ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣውን ገመድ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው፤ የቀረው ባዶ ቦታ ዛፉን ይመርጣል። ከ200 ካሬ ላይ ቤቱ፣ ሰርቪሱና የመኪና ማቆሚያው ሲነሱ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ለአንድ መካከለኛና ለሁለት ትንንሽ ዛፎች ቢበቃ ነው። ቁመታቸው 4 ሜትር አካባቢ ለሚቀር ከግድግዳና ከአጥር 2 ሜትር ይበቃቸዋል። እስከ 8 ሜትር የሚያድግ 4 ሜትር ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ለሚሆን ቢያንስ 6 ሜትር ነው፤ 6 ሜትር ከሌለ ዛፉም ይቅር። ከሴፕቲክ ታንክ ትንሹ እንኳ 3 ሜትር፣ ሌላው 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይራቅ።

«ሥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ግድግዳ አይነካም» የሚል አጉል መጽናኛ አለ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከጥላው ጫፍ ርቆ ይሄዳል። አየርና ውሃ የሚያገኘው እዚያ ነውና። ደህና የተገጠመ ቧንቧን ሥር በስቶ አይገባም። መገጣጠሚያው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ዙሪያው ይረጥባል፣ ፀጉር የሚያክል ሥር በስንጥቁ ይሾልካል፣ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ማንሆሉ ሞልቶ ሲፈስ ነው። በዚህ የሚታወቁት የሾላና የዋርካ ዘመዶች ናቸው። ሳሎን ውስጥ በሳክሲ የሚያምረው ፊከስ ቢንጃሚና መሬት ሲነካ ሌላ ፍጥረት ይሆናል፤ ኮብልስቶኑንም ሴራሚኩንም ያነሳዋል። የጎማ ዛፍም ያው ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩ ላይ ላዩን የሚሄድ፣ ጥላው ከቁመቱ የሚሰፋ ዛፍ ስለሆነ አደባባይ ያምርበታል እንጂ የመኖሪያ ግቢ አይችለውም።

ጥላውስ የት ነው የሚፈለገው? ብዙ ሰው ዛፉን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ለመግቢያ ውበት ይተክላል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በሞቃቶቹ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ የምትመታው ጣሪያውን ነው፤ ግድግዳውን የምታግለው ከሰዓት በኋላ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በምዕራብ በኩል ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማታ መኝታ ቤቱ እንደ ምጣድ የሚፋጀው ለዚህ ነው። በደቡብ በኩል የቆመ ዛፍ ቤቱን የሚያጠላው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ራሷ ትፈለጋለች። ስለዚህ መካከለኛው ዛፍ ከቤቱ በስተምዕራብ፣ ከግድግዳው 4 ሜትር ርቆ ይቁም። እዚያ ሲተከል ቤቱ ራሱ የምሥራቁን የበጋ ነፋስ ይከልልለታል።

ለዚያ ቦታ ከተዳቀለ ማንጎ፣ ማለትም የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ማንጎ ችግኝ ላይ ከተጋጠመበት፣ የተሻለ የለም ባይ ነን። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ጥላው ድፍን ነው፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ ከተገረዘ ቁመቱን 5 ሜትር ላይ መያዝ ይቻላል። ከፍሬ ዘር የበቀለው ግን ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፣ ቁመቱን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ፍሬው ምን እንደሚመስልም አይታወቅም። ነጋዴዎች «ግራፍት» የሚሉት የተዳቀለው ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ኬንት፣ ኬይት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል የሚባሉት ዝርያዎች አገር ውስጥ አሉ። በፍራፍሬ ላይ የሚሠራው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከአዳማ ብዙ አይርቅም፤ ዝርያ ለማጣራት ከመንገድ ዳር ወሬ እሱ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ሳይታይ አይገዛ፦ ቅጠሉን ከላይም ከታችም ማየት ነው። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ቅርፊታማ የማንጎ ተባይ ወደ ስምጥ ሸለቆም ወርዷል። ቅጠሉ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይለጠፋል፤ ዙሪያው ይነጣል፣ ፍሬው ላይም ነቁጥ ይወጣል። ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በችግኝ ጭምር ስለሆነ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን አለመግዛት ነው። በኋላ ከመጣ ደግሞ የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠልና ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ አናቱን ማሳሳት ይረዳል።

ከትንንሾቹ ሮማንና ጊሽጣ የአዳማን ድርቅ ይችላሉ። ጊሽጣ በበጋ ጥቂት ጊዜ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ደርቋል ብሎ መቁረጥ አያስፈልግም። ዘይቶን በቀላሉ ያድጋል፣ የበሰለው ፍሬ ቶሎ ካልተለቀመ ግን የፍሬ ዝንብ ትል ይሞላዋል። ሎሚ ሁሉም ይወደዋል፤ የሚከሽፈውም ብዙ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ከቤት ሥራ የቀረው የሲሚንቶና የኖራ ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሹ የአፈሩን አልካሊነት (የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን ባሕርይ) ከፍ ያደርገዋል፣ ሎሚው ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ቢጨመርበት አይድንም። የሚያድነው ፍርስራሹንና ገረጋንቲውን አውጥቶ ከግቢው ውጭ በመጣ ጥቁር አፈር መተካት ነው፣ ያውም ከመትከል በፊት። የልብስ እጣቢ መድፋትም ችግሩን ያብሰዋል፤ ከኦሞ የሚመጣው ጨው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

አቮካዶ ለሐዋሳና ለሲዳማ ይሁን። እዚያ የሚያምርበትን አይቶ አዳማ የሚተክል ሰው ደረቁን ነፋስ ይርሳ እንጂ ዛፉ አይረሳውም፤ ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ሥሩ ላይ ላዩን፣ ጥማት የማይችል ነው። የግድ ካሉ ግድግዳ የሚከልለው ጥግ ይፈለግለት። ፓፓያ ዛፍ ነው ብሎ ለጥላ መትከል ራስን ማታለል ነው፤ በዓመቱ ያፈራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግንዱ ባዶ ሆኖ ይወድቃል። ሽፈራው እንጨቱ ልል ቢሆንም 2 ሜትር ላይ እየተቆረጠ ቢያዝ ነፋሱ አይጥለውም፣ ቅጠሉም ከጓሮ ወደ ድስት ነው።

ቦታው ከ300 ካሬ በላይ ከሆነ ኒም ይታሰብ። ድርቅ ይችላል፣ ነፋስ ይቋቋማል፣ ውሃ የሚያቁር ቦታ ግን ይገድለዋል። ታጋሽ ለሆነ ሰው ወይራ አለ፤ አዝጋሚ ነው፣ እንጨቱ ግን ጠንካራ ነው፣ ነፋሱም ድርቁም አይጥለውም፣ ለዕቃ ማጠኛ የሚሆነውም ከደጅ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ለመኖሪያ ግቢ እንደማይሆን ክርክርም አያስፈልገውም።

ችግኝ ሲመረጥ ዓይን የሚሄደው ወደ ረጅሙ ነው። ከትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ የወጣ አንድ ሜትር ተኩል ችግኝ ለአዳማ ከሁሉ የከፋው ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ዞሯል፤ መሬት ከገባም በኋላ መዞሩን አይተውም፣ ወደ ጎን ተዘርግቶ አይቆነጥጥም። አምስት ስድስት ዓመት ያማረ ዛፍ ይሆንና በአንድ የጥር ነፋስ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ሰውም «ነፋሱ ጣለው» ይላል። የተጣለው የተገዛ ዕለት ነው። ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ግንዱ እርሳስ የሚያክል፣ ሥሩ ከፕላስቲኩ ታች ወጥቶ መሬት ያልያዘ ችግኝ ይመረጥ። የተዳቀለ ማንጎ ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ የተጋጠመበት ቦታ ጠባሳው የዳነና ከአፈሩ በላይ ከፍ ያለ መሆኑን ማየት ነው።

ጉድጓዱ በሰኔ መጀመሪያ ይቆፈር፤ 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር። የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። በሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ካራሰው በኋላ የላይኛውን አፈር ከሁለት እስከ ሦስት ባልዲ በሚገባ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መመለስ ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ፤ ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል በስለት ይቆረጥ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ወደ ታች ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቃል።

የሚሞተው ችግኝ በአብዛኛው የሚሞተው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ታቻቸው በጋለ መርፌ ተበስቶ ከግራና ከቀኝ ይቀመጡ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲሞሉ ውሃው ዝግ ብሎ ወደ ሥሩ ይወርዳል እንጂ አይተንም። በላዩ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ፣ ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ይራቅ፤ ምስጥ እየታከከ እንዳይወጣ።

ድጋፉ ሁለት እንጨት ነው፤ ከግንዱ ግራና ቀኝ ይተከሉና በሰፊ ጨርቅ፣ ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ላላ ተደርጎ ይታሰር። እስከ አናቱ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ ችግኝ ስለማይወዛወዝ ግንዱ አይወፍርም። በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ እስሩን ፈትቶ ግንዱን በእጅ ገፋ ማድረግ ነው፦ ከመሬቱ ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ሥሩ ገና አልያዘምና ተመልሶ ይታሰር፤ ግንዱ ብቻ ጎንበስ ብሎ ከተመለሰ እንጨቶቹ ይነቀሉ።