ወደ ምዕራብ ለተገተሩት ክቡር የመስታወት ግድግዳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከሰዓት በኋላ ስለሚፈጽሙት ቅቀላ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከሥርዎ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ በግራ እጄ ፋይል እንደ ጃንጥላ ደግፌ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የኮምፒውተሬ ስክሪን የሚያሳየኝ ሥራዬን ሳይሆን በላብ የተጠመቀ ፊቴን ነው። ባልደረባዬ የማተሚያ ወረቀት የመጣበትን ካርቶን ቀዶ በፕላስተር ለጥፎብዎታል፤ ያን ያህል ገንዘብ ከፈሰሰበት ገላዎ እስካሁን አንዳች ጥቅም የሰጠው ያ ካርቶን ያረፈበት ክፍል ብቻ ነው።

ለፀሐይ ያለዎትን መስተንግዶ አደንቃለሁ። ጨረሯን ሳይጠይቁ ያስገባሉ፤ ጨረሩ ወለሉንና ወንበሩን አግሎ፣ ሙቀት ሆኖ ሊወጣ ሲመጣ ግን በሩን ይዘጉበታል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ሌላ ቦታ ቢቀጠር አንድ ቀን አያድርም ነበር።

በከፊል ሐሩራማ ከተሞች በሞቃቱ ወቅት የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ከመስኮቱ በላይ የወጣ አጭር ክፈፍ ይበቃታል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ፣ የሚገታት ቁመት ያለው ነገር፣ ማለትም የቆመ የጥላ ክንፍ፣ የተፈለፈለ የእንጨት መከታ ወይም ዛፍ ነው። ዛፉንማ እርስዎ ከመንገድ እንዲታዩ ብለው ቆረጡት። ሙቀቱ እርስዎን ካለፈ በኋላ ከውስጥ የሚጎተተው መጋረጃም ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ነው።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በህንድ አህመዳባድ ሌ ኮርቡዚዬ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጠናቀቀው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር ሕንጻ በምዕራብ ፊቱ ላይ የቆሙት በሰያፍ የዞሩ የኮንክሪት ክንፎች ናቸው፤ ፀሐይዋን ይገታሉ፣ ነፋሱን ያሳልፋሉ። በአውስትራሊያ ብሪዝበን ደግሞ የድሮዎቹ የእንጨት ቤቶች ነፋስ ከሥራቸው እንዲመላለስ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ሲሆን፣ ሰፊው በረንዳቸው ግድግዳውን ከፀሐይ እየከለለ ቤተሰቡ አየር የሚቀበልበትና አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚልበት ቦታ ሆኗል። እርስዎ ግን መንገደኛ ቆሞ ቢያይዎ የሚያሳዩት የገዛ ራሱን ነው።

ከውጭ ያለው ግፍዎ ይብሳል። እኛን ከውስጥ ሲቀቅሉን ማቀዝቀዣው ሙቀታችንን ወደ እግረኛው መንገድ ይተፋል፤ የመጣብዎትን ነጸብራቅም እርስዎ እዚያው ይጨምሩበታል። ፊት ለፊትዎ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ሰዎች የሚሰለፉት በመብራቱ ምሰሶ ቀጭን ጥላ ላይ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይቆማል፣ ጥላው በዞረ ቁጥርም ሰልፉ አብሮ ይዞራል። ያን ሰልፍ በየቀኑ ሳይ የሳኦ ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትዝ ይለኛል። ሊና ቦ ባርዲ የነደፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተው ይህ ሕንጻ ገላውን ከመሬት አንሥቶ፣ 74 ሜትር ተራርቀው በቆሙ ምሰሶዎች መካከል ያለውን ቦታ ለከተማው ስለተወው፣ ተቃዋሚ ሰልፈኛውም ቁጭ ብሎ የሚያወራውም በሆዱ ሥር ጥላ ያገኛል። ሕንጻ ለማያውቀው ሰው ጥላ ሲሰጥ ማየት ለእርስዎ ነውር ሳይመስልዎ አይቀርም።

ዞረው ይቁሙ አልልም፤ ዕድሜዎም መሠረትዎም አይፈቅድም። የምለምንዎ ከውጭ በኩል ጥቂት የጥላ ክንፎች ይሰቀሉብዎ ዘንድ እንዲፈቅዱ፣ ጉቶው አጠገብም አንድ ችግኝ ሲተከል መታየት ቀረብኝ ብለው እንዳይቆጡ ብቻ ነው። መልስዎን እስክንሰማ ድረስ የምንሠራው እስከ 9 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ መተላለፊያው ላይ ወንበር ይዘን ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዛፉ ጉቶ
ለካርቶኑ፣ ከምስጋና ጋር