ለቅሶ በሄዱበት

ጎረቤቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለራሴም ጭምር።

ያለፈው ዓመት ነሐሴ፣ እዚሁ እንጦጦ ግርጌ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሸማኔው ጋሼ የእህታቸው መርዶ ተነግሯቸው ወደ ዶርዜ አገር፣ ጨንቻ፣ ለለቅሶ ሄዱ። በነጋታው አንዱ ገጀራ ይዞ ወንዙ ዳር ያለው ቀርከሃቸው ውስጥ ገባ። ለአጥር ፈልጎ ነው። ወሬው ተዳረሰና ቀትር ላይ ግማሽ ሰፈር እዚያው ነበር። ሲመሽ የቀረው ጉቶ ብቻ ሆነ።

ያንን ቀርከሃ ሥሩን ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ከጨንቻ ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጎርፉ ዳሩን እየናደ ወደ ቤታችን ሲጠጋ የተከሉትም እሳቸው። የተረፈው የእኛ ቤት ነው!

መቁረጥ በራሱ ነውር የለውም። ዶርዜ ቤቱን የሚሠራው በቀርከሃ ነው። ግን የሚቆረጠው ሦስት ዓመት የሞላው እየተመረጠ ነው። ቡቃያው በክረምት ይወጣና በጥቂት ወር ቁመቱን ይጨርሳል። የሚጠነክረው ቀስ እያለ ነው። ቡቃያውን ሥሩ ይመግበዋል፣ ሥሩን ደግሞ ትልልቆቹ። እኛ ሁሉንም አጨድን። ክንድ ያህል የደረሰውን ቡቃያ ልጆቻችን በእርግጫ ሲሰብሩ ቆመን አየን። ከስብራቱ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

እኔስ? ስምንት ዘንግ ወሰድኩ። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» አልኩ። ጋሼ ሲመለሱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄጄ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። ቡና አስፈሉልኝ። ስለ ቀርከሃው አንድ ቃል አልተነፈሱም። አጥሬ ላይ ያለው የሳቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደጃቸውን ብናንኳኳ እኮ ራሳቸው መርጠው ይቆርጡልን ነበር። ስንቴ ሰጥተውናል።

ያ ለጋ አጥራችንም ዓመት ሳይሞላው ነቀዝ ፈጨው። ዱቄቱ ከሥሩ ተከምሯል። የወንዙ ዳር እንደገና መናድ ጀምሯል። በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። የተተከለውንስ ማን ይጠብቅልን?

ትናንት ወረድኩ። ከጉቶዎቹ መሃል አምስት ቡቃያ ወጥቷል። እንደ እርሳስ የቀጠኑ ናቸው፣ ግን ሥሩ አልሞተም። የድሮውን ያህል ወፍራም ዘንግ እስኪያወጣ ዓመታት ይፈጅበታል። ጋሼ ያንን ለማየት ይደርሱ እንደሆነ እንጃ። ዙሪያውን እሾህ አጥሬበታለሁ። እባካችሁ በጎቻችሁንና ፍየሎቻችሁን እሰሩ።