ለባለ አንድ ቦርሳው እጅ ነሥቻለሁ

ለሦስት ቀን የከተማ ጉብኝት ሻንጣ የሚጎትት ሰው ከእንግዲህ አንገቱን ይድፋ። እኔ አንዱ ነኝ፤ ደፍቻለሁ። ዘመኑ የባለ አንድ ቦርሳዎች ነው። አንዲት የጀርባ ቦርሳ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ይመጣሉ። የሻንጣችን ጎማ ሲንኳኳ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። መነኩሴ በገበያ መሃል ሲያልፍ ፈገግ የሚለው ዓይነት።

ምቀኞች "ለሻንጣ ላለመክፈል ነው" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ አየር መንገዶች ለመጀመሪያዋ ሻንጣ ማስከፈል ባይጀምሩ፣ ሌሎቹም ባይከተሉ ኖሮ ይሄ ሁሉ ብሕትውና ከየት ይመጣ ነበር ባዮች ናቸው። ተዋቸው። የነፍስን ነገር ከገንዘብ ጋር የሚያገናኝ ሰው መቼም አይጠፋም።

እኔ ጥበቡን ከቅርብ ያየሁት ከአንድ ወዳጄ ጋር ስጓዝ ነው። ወዳጄ ልብስ አያጥፍም፤ ይጠቀልላል። ጠቅልሎም አየሩ የሚመጠጥ ላስቲክ ውስጥ ያስገባና ላዩ ላይ ተንበርክኮ ያስተነፍሰዋል። ትራስ ያክል የነበረው ጃኬት ደብተር ያክላል። ተአምር ነው። የወጣው አየር እንጂ ኪሎው አለመሆኑ የሚታወቀው ሚዛን ላይ ሲደርስ ነው፤ ያኔም ቢሆን ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።

ደግሞ ያቺ ሜሪኖ ከሚባለው በግ ሱፍ የተሠራች ቲሸርቱ አለች። አንድ ቲሸርት፣ ሦስት ቀን። ሱፍ እርጥበት ይመጥጣል፣ እንደ ፖሊስተርም ቶሎ ጠረን አይዝም። ይሄ እውነት ነው፤ አልክድም። ወዳጄ ግን ከሳይንሱ ይልቅ ሌላ ማስረጃ ይወዳል። "በጉ ራሱ ዕድሜ ልኩን አንድ ልብስ አይደል እንዴ የሚለብሰው?" አለኝ በሁለተኛው ቀን። በጉ ሊፍት ውስጥ ከሰው ጋር አይቆምም ልለው ፈልጌ ነበር። ሊፍት ውስጥ ስለነበርን ትንፋሼን ይዣለሁ፤ አልቻልኩም።

ወደ ኋላ ልመለስ፣ ወደ ፍተሻው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከብሪታንያ የሚነሱ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ የማጋየት ሴራ ከተደረሰበት ወዲህ፣ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ይሁን ተብሏል። አዳዲስ ማሽን ያስገቡ አንዳንድ አየር ማረፊያዎች ደንቡን አላልተውታል፤ የእኛው ግን ገና ነበር። ደንቡ የሚያየው ዕቃው የሚይዘውን እንጂ ውስጡ የቀረውን አይደለም። ወዳጄ እንዲህ ላለ ጥቃቅን ነገር ጊዜ የለውም። 150 ሚሊ ሊትር የሚል የጥርስ ሳሙና ይዟል፤ እስከ አንገቱ የተጠቀለለ፣ ሁለት ጠዋት የማያደርስ። ፈታሿ አገላብጣ ጽሑፉን አነበበችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

"ባዶ እኮ ነው!" አለ።

"ባዶ ከሆነማ ምን ያስቆጭዎታል?"

ወዳጄ ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ። "ለነገሩ አንተ ይዘሃል አይደል?"

ይዣለሁ።

መሳፈሪያው በር ላይ ደግሞ ያ የቦርሳ መጠን የሚፈተሽበት የብረት መለኪያ ቆሟል። 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቀልድ የማያውቅ ሳጥን። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ማለቱ አይቀርም፤ ወዳጄ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄዶ ቆመ። እዚያው ላስቲኩን ከፈተና ይለብስ ጀመር። አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ቦርሳው ነው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ይህችን ቀዳዳ ያገኛት ሰው ሐውልት ይገባዋል። ሁለት ሱሪ ደርቦ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ኪሶቹን በካልሲ ሞልቶ ሲጨርስ የቆመ ፍራሽ መሰለ። ላቡ ይንቆረቆራል። ቀላል መንገደኛ ማለት ይህ ነው።

ቦርሳው ግን አሁንም አልገባ አለ። በጉልበቱ ገፋው። ግማሹ ገባና ተሰነቀረ፤ ለማውጣት ሦስት ሰው ወሰደ። ክፍያ ተጠየቀ፣ ተከፈለ፣ ቦርሳው ወደ ጭነት ክፍል ሊወርድ ሆነ። ሠራተኛው "ፓወር ባንክ ካለ ይውጣ" አለ። ትክክል ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ከጋለና እሳት ካስነሳ፣ ሰው ባለበት ቢሆን ይሻላል፤ ታች ማን አይቶ ያጠፋዋል? ወዳጄ ፓወር ባንኩን አወጣ። መድኃኒቱን አወጣ። ወረቀቶቹን፣ መነጽሩን፣ ያነብበው ዘንድ ያመጣውን ወፍራም መጽሐፍ አወጣ።

"ያዝልኝ እስቲ" አለኝ፤ ሁሉንም የትከሻ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተተ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከእሱ የቀለለ መንገደኛ አልነበረም። እጁን እያወዛወዘ ተሳፈረ።

ሆቴል ስንደርስ ፓወር ባንኩ አለ፤ ገመዱ የለም። ክብደት እንዳይጨምር ትቶት ነው የመጣው። የእኔን ሰጠሁት። ሌሊት ካልሲውን በሻምፖዬ አጠበና የሻንጣዬን እጀታ ስቦ አሰጣው። ጠዋት ስነሳ ሻንጣዬ ሁለት ጆሮ አብቅላ ታንጠባጥባለች። ሲበርድ ሹራቤን ወሰደ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የሰው ሹራብ ግን እንዴት ያሞቃል መሰላችሁ! ጃንጥላዬንም ወሰደ፤ እሱ እንኳን ብርቅ አይደለም፣ ጃንጥላ ድሮም የጋራ ነው።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቀን አላፈረም። ይሄ ራሱ ጸጋ ነው። እንዲያውም ማታ ማታ ሻንጣዬን እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። "ይሄን ሁሉ ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል፤ በነጠላ ጫማዬ እየተንሸራሸረ።

በመጨረሻው ቀን ለዘመድ ወዳጅ ስጦታ ሲገዛ ዋለ። ቦርሳው ስለሞላ ስጦታው የት እንደገባ ታውቁታላችሁ። ከሆቴሉ ደጃፍ ቦርሳውን አዝሎ ቆመና ፎቶ አንሳኝ አለ፤ "ለሦስት ቀን ይቺ ትበቃለች" ብሎ ሊለጥፈው። ሹራቤን ለብሷል። ያነሳሁት በእኔ ስልክ ነው፤ የእሱ ባትሪ አልቋል።

ፎቶውን አየት አደረገና ፊቱን ቋጠረ።

"እንደገና አንሳኝ" አለኝ። "ሻንጣህን ግን ወደዚያ ገፋ አድርጋት፤ ፎቶው ውስጥ ገብታለች።"