ስንተኛ ወጣሽ?

ልጆቻችንን ዝም ላሰኘልን ትምህርት ቤት ምስጋና ይገባዋል። ብቻችንን አንችለውም ነበር።

የእህቴ ልጅ አራት ዓመቷ ሳለ ቤቱ ሰላም አልነበረውም። «ጉንዳን ከጣሪያ ወድቆ ለምን አይሞትም?» «ጨረቃ ታክሲያችንን ለምን ትከተለዋለች?» «እግዜር ነው» ብለን ልንገላገል ስንል፣ «እግዜርስ ለምን?» ትላለች። ሰው ሥራ አለው እኮ!

ኬጂ ገባች፣ አደብ ገዛች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቁጭ ማለት ተማረች። አንድ ቀን ዛፍ ስላ ሐምራዊ ቀባችው። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት፤ ዛፍ አረንጓዴ ነው። የግቢው በር ላይ ያለው ጃካራንዳ ያን ሰሞን ሐምራዊ ሆኖ ማበቡ የራሱ ጥፋት ነው።

አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ካርዷ ላይ «ጸባይ፦ ኤ» ተብሎላታል፤ ትርጉሙ አትናገርም ነው። ዘመድ ሲመጣ ደህንነቷን ሳይጠይቅ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይላታል። «ዘጠነኛ» ስትል ሶፋው ላይ ዝምታ ይወርዳል። «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው» ይሏታል፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ።

ቅኔ ቤት ሌላ ሰው የተቀኘውን ይዞ የኔታ ፊት መቅረብ ነውር ነው። ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ዘመናዊው ትምህርት ከዚህ ሁሉ ድካም ገላግሎናል። ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት። መሀል ላይ ጭንቅላት ጣልቃ አይገባም።

ነገረኛ አይጠፋምና፣ «ታዲያ ሸምድደው ምን አተረፉ?» የሚል አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄማ የሽምደዳ እጥረት ነው! ቅዳሜ ቱቶሪያል ካለ እሁድስ ምን በደለ?

ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራዋን ስትሠራ አንድ ጉንዳን ከመጋረጃው ጫፍ ደብተሯ ላይ ዱብ አለ። ተነሣና መንገዱን ቀጠለ። እኔም የድሮው ትዝ አለኝና፣ «ቆይ፣ ይሄ ጉንዳን ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወድቆ ለምን አልሞተም?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አነሣች። ትንሽ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ምርጫዎቹስ?»