ሳያነብ ያስተማረን ትውልድ

ምስጋና ለአገራችን ጉግል አድራጊዎች ይድረስ! «ጉግል አድርጌዋለሁ» ካሉ ክርክር የለም፤ መዝገቡ ተዘጋ። ድሮ የቆሎ ተማሪ ለአንዲት ዕውቀት ስንት ዓመት ከውሻ ጋር ሲታገል ይኖር ነበር። ዛሬ ትንሽ ዳታ ይበቃል፣ ኔትወርክ ካልጠፋ።

ግሱ ራሱ እኮ የጨዋ ዘር ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሚፈልግ ጉግል ያድርግ።) የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ካስነር፣ ከ1 በኋላ 100 ዜሮ ለተሰለፈበት ቁጥር ስም አውጣልኝ ብሎ ሚልተን ሲሮታ የተባለ የ9 ዓመት ዘመዱን ጠየቀ። ልጁም «ጉጎል» አለ። በ1997 ስታንፎርድ ላይ የኩባንያው መሥራቾች እነ ላሪ ፔጅ ለመፈለጊያቸው ስም ሲያማርጡ፣ አንዱ ጓደኛቸው ይህ ስም በኢንተርኔት ተይዞ እንደሆነ ሊያይ ሲጽፍ ፊደል ገደፈና «ጉግል» ሆነ። ፔጅም ወደደው። እንግዲህ ስሙ የተገኘው ሲፈለግ በተሠራ ስሕተት ነው፤ የእኛዎቹ ትውፊቱን ጠበቁ እንጂ ምን አጠፉ?

በ1998 ፔጅ ራሱ ለወዳጆቹ «ጉግል ማድረጋችሁን ቀጥሉ» ብሎ ጻፈ። በ2006 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግሱን ሲያስገባ ግን ኩባንያው ደነገጠ። «እባካችሁ በእኛ ስትፈልጉ ብቻ ጉግል አደረግን በሉ» እያለ ይለምን ጀመር። «አስፕሪን» የሚለው ስም አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ኩባንያው የባየር ብቻ መሆኑ የቀረው በዚሁ መንገድ፣ የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ነውና ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የእኛ ሰው ግን ግሱን ወደ ላቀ ደረጃ አድርሶታል። ክሊኒክ ግቡና ስሙ። ዶክተሯ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ትላለች። «የሚያመኝንስ ይተዉት፤ በሽታዬን ልንገርዎት» ይላል ታማሚው፣ ስልኩን ጠረጴዛዋ ላይ እያስቀመጠ። ሰባት ዓመት ሕክምና ተምራ መድኃኒቱን ሳታውቀው መቅረቷ ያሳዝነዋል፤ ግን ይታገሣታል።

ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ካርታ እየተጫወቱ የአበበ ቢቂላ ነገር ተነሣ። ሰማንያን የዘለሉ የቀድሞ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ «ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው» አሉ። አንድ ጎልማሳ «ቆይ ጋሼ» ብሎ ስልኩን አወጣ፤ የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ጫማ አድርጎ ማራቶንን አሸነፈ።» ድንኳኑ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ያቺ መስመር የ1964ቱን ቶኪዮ ነበር የምታወራው። የ1960ው ሮም አንድ የአውራ ጣት ግፊት ያህል ወረድ ብሎ ተቀምጧል። ታዲያ እዚያ ድረስ ማን ይወርዳል? ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ካርታውም ቀጠለ። ዐይን ያየው ስልክ ካላጸደቀው ምኑን ምስክር ነው!

ደግነቱ ኩባንያው የፈራው አልደረሰበትም። በ2017 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስሙ ግስ መሆኑ ብቻ የንግድ ምልክቱን አያስነጥቅም ብሎ ፈርዶለታል። ባይፈረድለትም ወደ እኛ ብቅ ቢል ምስክር እንቆምለት ነበር፦ እዚህ አገር «ጉግል አደረግኩ» ያለ ሰው ምንም ነገር እንዳልፈለገ በመሐላ እናረጋግጥለታለን።