«ውስጡ ባትሪ አለው» ማለት አያስፈራን

ባትሪ ያለበት ዕቃ መላክ ክልክል አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ብዙ ሰው ክልክል ስለሚመስለው ነው። ክልክል ስለሚመስለው ይደብቀዋል። እኔን ከባትሪው በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ መደበቅ ነው።

የማወራው ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን)፣ መብራት ሲጠፋ ስለሚበራው የግድግዳ አምፖል፣ ስለ ሶላር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበርና ስለ ሕክምና መሣሪያ ባትሪ ነው። ገበያ ላይ «ድራይ ባትሪ» የሚባለው፣ ክዳኑ የማይከፈተውና ውሃ የማይጨመርበት ማለት ነው። ድራይ ይባል እንጂ ውስጡ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ አለ። አሲዱ እንደ መኪና ባትሪ ውስጥ ለውስጥ አይንቦጫረቅም። ከመስታወት ክር የተሠራ ስስ ምንጣፍ መጥጦ ይዞታል፣ አለዚያም እንደ ጄል ረግቷል። ጤነኛ ከሆነ ቢገለበጥም አይፈስም።

ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ባትሪ የሌለበት ቤት እየጠፋ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሱቁም፣ ክሊኒኩም፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም በባትሪ ነው የሚሠራው። ሲበላሽ ደግሞ አብዛኛው ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ይላካል። አዲሱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ ዕቃው ሁሌም መንገድ ላይ ነው። በአውቶቡስ ይሄዳል፣ በአይሱዙ ይሄዳል፣ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ በጀልባ ጣናን ያቋርጣል።

ዓለም አቀፉ ሕግ ይህን ባትሪ በደንብ ያውቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት ለአደገኛ ጭነቶች በሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ ፈሳሽ አሲድ የያዘው ባትሪ 2794 ነው። የማይፈሰው 2800 ነው። ከሁለቱ አንዱ መሣሪያ ውስጥ እንደተገጠመ ሲላክ ደግሞ መሣሪያው 3171 ይባላል። ቁጥሩ የተለያየው በምክንያት ነው። አደጋቸው አንድ አይደለም፣ አያያዛቸውም አንድ አይደለም።

«የማይፈስ» ለመባል ፋብሪካው አፉን ሞልቶ ስለተናገረ ብቻ አይበቃም። ባትሪው ይፈተናል። በሦስት አቅጣጫ፣ ተገልብጦም ጭምር፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በማሽን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ለስድስት ሰዓት 88 ኪሎፓስካል በሚደርስ የግፊት ልዩነት ውስጥ ይቆያል። በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ጠብታ መውጣት የለባትም። በዚህም አያበቃም። በ55 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ቅርፊቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ከስንጥቁ አሲድ መፍሰስ የለበትም።

እነዚህን ቁጥሮች ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ካለው መንገድ ጋር አስተያዩዋቸው። ዕቃው ፖርቶ መጋላ ላይ ሸራ ለብሶ ይታሰራል። መኪናው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ታች ሙቀቱ ያፍናል። መንገዱ ባልተጠገነበት በኩል መንቀጥቀጡ አያባራም። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ዕቃው ባለበት ያድራል፣ ይሰነብታል። እነዚያ ፈተናዎች የቢሮ ወረቀት ማሟያ አይደሉም። እኛ በየቀኑ ባትሪውን የምናሳየውን መከራ ቀድመው ያሳዩት ናቸው።

እንግዲህ ባትሪው ይህን አልፎ፣ የማይፈስ መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎ፣ ገመድ የሚገጠምባቸው ሁለቱ ጫፎቹ ከተሸፈኑ ሕጉ በጣም ይለሳለሳል። በአውሮፕላን ጭነት ሳይቀር እንደ ተራ ዕቃ ይሄዳል። የአየር ጭነት ሰነዱ ላይ «ያልተገደበ» የሚል ቃልና ኤ67 የሚባለው ልዩ ድንጋጌ ቁጥር ይሰፍራል፣ በቃ። ተሳፋሪም ቢሆን በዚህ ዓይነት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይዞ መጓዝ ይችላል። ገደቡ 12 ቮልትና 100 ዋት ሰዓት ነው። በትንንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋል። ባለ 9 አምፔር ሰዓቱ 108 ስለሚሆን አያልፍም። መጠኑ ተቀራራቢ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ሂሳቡን ቤት ጨርሶ መሄድ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ያላቸው ተጓዦች ነገር ለብቻው ይታያል። የእነሱ ባትሪ ከዚህ ገደብ ቢበልጥም ይጫናል። ግን አየር መንገዱ አስቀድሞ ማወቅና መፍቀድ አለበት። ባትሪው ወንበሩ ላይ በደንብ መታሰር፣ ጫፎቹ መሸፈን፣ ወንበሩም በድንገት እንዳይነሳ ተደርጎ መጥፋት ይኖርበታል። በረራው ቀን ጠዋት ሳይሆን ቲኬት ሲቆረጥ መናገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። ሰው ባትሪ ሲባል የሚፈራው አሲዱን ነው። ከዚህ ባትሪ ጋር በመንገድ ላይ እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ኮንታክቱ ነው። ከዩፒኤስ የወጣ ባትሪ በእጃችሁ ያዙ። ላዩ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ምላሶች ታያላችሁ፣ ባንዱ ሥር ቀይ፣ ባንዱ ሥር ጥቁር ምልክት አለ። መካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ጣት ነው። ይሄ ባትሪ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። መኪናው አንድ ጉድጓድ ሲገባ ካቻቢቴው ይንሸራተትና ሁለቱን ምላሶች ያገናኛል። ያን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ባንድ አፍታ ይፈሳል። ብረቱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ማዳበሪያው ይያዛል። ከአጠገቡ ደግሞ የስፖንጅ ፍራሽ አለ። ሹፌሩ ጭሱን የሚያየው ምናልባት የኋላ መኪና ጡሩምባ ሲነፋለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው አንድ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነው። እያንዳንዱን ምላስ ለየብቻው መሸፈን። ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠቅልሎ ማሰር አይደለም፣ ለየብቻ። ከዚያ ባትሪውን ቀና አድርጎ በጠንካራ ካርቶን ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ማስያዝና ከብረት ዕቃ መለየት ነው። ባትሪው ዩፒኤሱ ውስጥ እንዳለ የሚላክ ከሆነ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ዕቃው ሲጋጭ ማብሪያው ሊነካ ይችላል። ከፍቶ ቀዩን ገመድ ከባትሪው መንቀልና ጫፉን መሸፈን ይሻላል። ካርቶኑ ላይም በትልቁ «ባትሪው ተነቅሏል» ብሎ መጻፍ፣ ተቀባዩ ተበላሽቷል ብሎ እንዳይደናገጥ።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር። ይህ ባትሪ ዝግ ነው ብንልም ጭራሽ አይተነፍስም ማለት አይደለም። ውስጡ ግፊት ሲበዛ ጋዝ የምታስወጣ ትንሽ ቫልቭ አለችው። የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ብልጭታ ያፈነዳዋል። ለእርጥበት ብለው ባትሪውን አየር በማያስገባ ላስቲክ ደራርበው የሚጠቀልሉ አሉ። ልፋታቸው ለደግ ነው፣ ግን ባያደርጉት ይሻላል። ከመጋዘን እየተጫነ ቻርጅ ላይ የተሰካ ባትሪም አልፎ አልፎ ይታያል። እሱማ ፈጽሞ አይሆንም።

መናኸሪያው ላይ የሚሆነውን ላሳያችሁ። አንዲት ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛ ትመጣለች። ረዳቱ አንስቶ ይመዝነዋል። «እህቴ፣ ምንድን ነው ውስጡ?» «ኮምፒውተር ነገር ነው፣ የኔ ወንድም።» «ባትሪ የለውም አይደል?» ትንሽ ዝም ትላለች። «የለውም።» ዕቃው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ሴትዮዋ መጥፎ ሰው አይደለችም። ባለፈው ጊዜ እውነቱን ተናግራ «ባትሪ አንጭንም» ተብላ ተመልሳለች። ረዳቱም ክፉ አይደለም። አደገኛውንና ያልሆነውን እንዴት እንደሚለይ ማንም አልነገረውም፣ ስለዚህ ሁሉንም እንቢ ይላል። ሁለቱም በበኩላቸው ራሳቸውን ጠበቁ። ዕቃው ግን ጫፉ ሳይሸፈን፣ ጎኑ ሳይታወቅ፣ ተዘቅዝቆ ጉዞ ጀመረ።

ያልተነገረ ጭነት ምን እንደሚያደርግ ዓለም በሚያሳዝን መንገድ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቫሉጄት የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አውሮፕላን ከማያሚ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ተቃጥሎ ወደቀ። 110 ሰው ሞተ። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ የነበሩት የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ፣ ግን ባዶ ያልሆኑ የኦክስጅን ማመንጫዎች ናቸው። መከላከያ ቆባቸው አልተደረገላቸውም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን «ባዶ» ተብለው ነበር የተጻፉት። ባትሪ አልነበረም፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ጫፉ ያልተሸፈነ ዕቃና ያልተነገረ እውነት ሲገናኙ የሚጎዳው ስለዕቃው ምንም የማያውቅ ሰው ነው።

ለዚህ ነው «ባትሪ አንጭንም» የሚለው አሠራር መቅረት ያለበት የምለው። በቦታው ጥያቄ ይግባ። ባትሪ አለው? ዝግ ነው ወይስ የሚከፈት? ጫፉ ተሸፍኗል? ተሰንጥቋል ወይም አብጧል? አራቱን መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ዝግ፣ ጤነኛና የተሸፈነ ከሆነ ይጫን። ያልተሸፈነ ከሆነ እዚያው ይሸፈን። የትራንስፖርት ማኅበራቱ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ አንድ ጥቅል ፕላስተር ቢያስቀምጡ የሚከስሩት ነገር የለም። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን አይጫን፣ ልመናም አይርዳው። የሕጉ ልስላሴ ሁሉ ለጤነኛ ባትሪ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከሆነም በሌላ ሕግ ነው የሚዳኘው። ዛሬ ዛሬ ሶላሩ ሁሉ ወደ ሊቲየም እየዞረ ስለሆነ ላዩን ማንበብ ግድ ነው።

ሐይቁ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ ሰውም፣ ጤፍም፣ ቤንዚን በጀሪካንም አንድ ላይ ይጭናል። ባትሪም አለበት። እዚያ የምታዩት አብዛኛው ዝጉ አይደለም፣ ለሶላር የዋለ ያገለገለ የመኪና ባትሪ ነው፣ ክዳኖቹ የሚከፈቱ፣ አሲዱ የሚንቦጫረቅ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ጣና ሲናወጥ እንዲህ ያለ ባትሪ ቀና ብሎ አይቆይም። አሲዱ ጀልባው ወለል ላይ ካለው ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ የእህሉ ጆንያ ሥር ይገባል፣ ባዶ እግሩን የተቀመጠ ልጅ ይነካል። ብልጭታ ከፈጠረ ደግሞ ጀሪካኑ አጠገቡ ነው። ለጀልባ የምለው ግልጽ ነው። የሚከፈት ባትሪ ከሰውና ከእህል ጋር አይሂድ። መሄዱ ግድ ከሆነ ጠርዙ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ቀና ተደርጎ ይታሰር፣ ከቤንዚኑም በጀልባው ርዝመት ያህል ይራቅ። አሲድ ሰው ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ዓይን ከሆነ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ።

«ስንት ችግር እያለብን ስለ ባትሪ ታወራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ይገባኛል። መንገዱ አስጨናቂ ነው፣ ኑሮው ከብዷል፣ መብራቱም እንዲሁ ነው። ግን ባትሪውን ያበዛው ይኸው ችግር ነው። መብራት እስካልተስተካከለ ድረስ ባትሪ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። አውቶቡሱ ላይ የሚሳፈሩት ደግሞ የእኛው እናቶችና ተማሪዎቻችን ናቸው።

ያለቀለት ባትሪ ነገርም አለ። ከከተማው ጋራዦችና ከሶላር ሱቆች እየተሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ዋጋ የሚያወጣው እርሳሱ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ከእህል ጋር ደግሞ መገናኘት የለበትም። አልቋል የተባለ ባትሪ ቮልቱ ወርዶ ይሆናል እንጂ ኮንታክት ለመፍጠር የሚበቃ ኃይል አይጠፋበትም። ስለዚህ እሱም ጫፉ ይሸፈን። አንዱ በሌላው ላይ ብረት ለብረት ተነባብሮ እንዳይጫን በየመካከሉ ካርቶን ወይም ጣውላ ይግባ።

የባትሪ ነጋዴዎችን አንድ ነገር ልለምን። ብዙ አዲስ ባትሪ ከፋብሪካ ሲመጣ ጫፉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለው። ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ይነቀልና መሬት ላይ ይጣላል። አትጣሉት። መልሳችሁ ግጠሙለት። ደረሰኙም ላይ ዝግ ወይስ የሚከፈት መሆኑን፣ ቮልቱንና አምፔር ሰዓቱን ጻፉለት። ገዢው ከሱቃችሁ ወጥቶ በቀጥታ መናኸሪያ ወይም ጀልባ ተራ ይሄድ ይሆናል፣ ረዳቱ ሲጠይቀው የሚያሳየው ያንን ወረቀት ነው።