ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ባለፈው ጥቅምት በምኖርበት የአውሮፓ ከተማ አንድ ክራር ደርዳሪ ወገናችን ከቫዮሊን፣ ከቼሎና ከኮንትራባስ ተጫዋቾች ጋር ያዘጋጀውን አዲስ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ሲያስተዋውቅ ታድሜ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በባቲ ተነሣ፤ ቼሎው ከሥር ረጅም ድምፅ ሲስብ ክራሩ ከላይ እየመለሰለት አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። በመጨረሻ የተመታችው ክር ድምፅ ፈጽማ እስክትጠፋ ድረስ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ደስታና ቁጭት አንድ ላይ መጡብኝ።

ያንኑ ሌሊት ሥራውን አዲስ አበባ ላለ የልብ ወዳጄ ላክሁለት። ሙዚቃ የሚወድ፣ የድሮ ካሴት የሚሰበስብ ሰው ነው። በማግስቱ የመለሰልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «በጣም ቆንጆ ክላሲካል ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

ወዳጄን አልወቅሰውም፤ የተናገረው ሁላችንንም ያሳደገንን ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ፣ በኦርጋን ይሁን በሳክስፎን፣ ስሙ «ክላሲካል» ነው፤ ሥራውም ክፍተት መሙላት ነው። ዜናው እስኪጀመር፣ ሙሽሮቹ እስኪገቡ፣ ማስታወቂያው እስኪነበብ ድረስ ይቆይና ልክ ሶሎው ሊጀምር ሲል ተናጋሪው ይገባበታል። ሽለላውንና ፉከራውን በሳክስፎን ያስተጋባውን ጌታቸው መኩሪያን ስንቶቻችን ሳናቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል?

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን አስቡት። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከሪትም ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። እ.ኤ.አ. በ2013 ያንን ካሴት እንደገና አሳትሞ የዓለምን መድረክ የከፈተለት አሜሪካዊ፣ ካሴቱን ያገኘው ሌላ ቦታ ሳይሆን ባሕር ዳር ነበር። ከእኛው መደርደሪያ ላይ ነበር ማለት ነው! ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላም ካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለው፣ የመጀመሪያ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አሳተሙ። በፒያኖ ሥራዎቻቸው ውስጥ ግራ እጃቸው የቫልስ ምት ይዞ ሲሄድ፣ ቀኝ እጃቸው ዜማውን እንደ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ እያርገበገበ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ፣ የምኖርበት አገር ጎረቤቶቼ መጥተው አጽናኑኝ፤ ከአገሬ ልጆች መካከል ግን ማን እንደሆኑ የጠየቁኝ ጥቂት አልነበሩም።

የውጭውም ሰው ቢሆን ጉድለት አለበት። በለንደንና በቦስተን የተማረውን፣ በመምቻ የሚመታውን የብረት መሣሪያ፣ ቪብራፎንን፣ ከቅኝቶቻችን ጋር ያስታረቀውን ሙላቱ አስታጥቄን እንኳ ከጃዝ መደርደሪያ አውጥተው «የዓለም ሙዚቃ» ከሚሉት ክምር ውስጥ የሚጨምሩት ሱቆች አይቻለሁ። የሙላቱ ድካም ግን ቀላል አይደለም፤ አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት ላይ የጃዝ ሐርመኒ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች (ኮርዶች) ቅንብር፣ ሲደረብበት አምባሰሉ አምባሰልነቱን፣ አንቺሆዬውም አንቺሆዬነቱን እንዳያጣ ከእያንዳንዱ ኮርድ ጋር መታገልን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው አልበም የቀድሞ ሥራዎቹን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ጨምሮ እንደ አዲስ ሲሠራቸው፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜው ውስጥ ሆኖ ያንኑ ትግል አልተወም።

ለወዳጄ በዚያው ቀን መልስ ጻፍሁለት። «ሬዲዮህን ዝጋ፣ መብራቱንም አጥፋና ከመጀመሪያው ጀምረህ ስማ፤ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ቼሎው ዝም ይልና ክራሩ ብቻውን ይቀራል፤ እሱን ሰምተህ ደውልልኝ» አልሁት። ስልኩን አሁንም እየጠበቅሁ ነው።